የጅቡ ባህል ወይስ የጅቡ ሆድ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ ጅቦች በሁዳዴ ፊታቸውን ወደ አህያ ማዞራቸውን «ከእናት ወደ ልጅ የወረደ የጅብ ባህል» ብላችሁታል። ቸኩላችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የሰሜን ኢትዮጵያ ጥናት በጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ ያለውን ጸጉር ለይቷል። የአህያ ጸጉር የተገኘው ከጾሙ በፊት በ14.8 በመቶው፣ በጾሙ በ33.1፣ ከጾሙ በኋላ በ22.2 በመቶው ነው። ልኳንዳ ሲዘጋ አጥንትና አንጀት ከቆሻሻ መጣያው ይጠፋል፤ የራበው ጅብ ያገኘውን ይበላል። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ጅብ በራሱ ሊደርስ ይችላል፤ አስተማሪ አያሻውም።

አንዱ የሌላውን ጩኸት ተከትሎ መጥቶ ቢለምድስ? ያ ከሌላ መማር ነው፤ ውርስ ግን ገና አልሆነም። ውርስ ለማለት ጀማሪዎቹ አልፈው አዲሶቹ ያንኑ መንገድ ይዘው መገኘት አለባቸው፣ ያውም እኩል የሚያዋጣ ሌላ መንገድ እያለ። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለ ጫካ በትንንሽ ወፎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሙከራ ይህን አሟልቷል። መዝጊያው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢገፋ ትል የሚሰጥ ሣጥን ተሰቀለ፤ ከመንጋው ሁለት ወፎች ብቻ ተይዘው አንዱን ጎን ለመዱ። መንጋው ያንኑ ጎን ያዘ፤ በዓመቱ ብዙዎቹ ወፎች ተተክተው እንኳ አልቀየሩም።

ጅብ ውርስ የለውም አላልንም። ግልገል ከእናቱ ቀጥሎ ያለውን ማዕረግ ይይዛል፤ ጠብ ሲነሣ እናቱ ትደርስለታለችና። ሌላ እናት ያሳደገችው ግልገል የአሳዳጊውን ማዕረግ መከተሉ ነገሩ የደም ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

በሱሉልታ ወይም በሰበታ የአህያውን ነገር ማጣራት የሚፈልግ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የጅቦቹን መጸዳጃ ቦታ ይጥረግ። ከዚያ በየሳምንቱ አዲሱን በጓንት ለቅሞ፣ በየከረጢቱ ቀን ጽፎ፣ በወንፊት አጥቦ ጸጉሩን ያድርቅ፤ በማይክሮስኮፕም ከታወቀ የአህያ፣ የበግና የከብት ጸጉር ጋር ያስተያይ። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመጥረጉ ላይ ነው፤ ደርቆ የነጣው የቆየ ነውና ካልተነሣ በጥር ወር የወደቀው የመጋቢቱን ውጤት ያሳስታል። ጸጉር ደግሞ መብላትን እንጂ መግደልን አይናገርም፤ ሜዳ ላይ ሞቶ የተጣለ አህያም ጸጉሩ ያው ነው። ስለዚህ የሞቱ አህዮች የትና መቼ እንደተጣሉ በዚያው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።

የእንስሳትን ጠባይ የምንከታተል አንባቢዎቻችሁ፣
ከእንጦጦ ግርጌ