ለሽምደዳ አይደለም የከፈልኩት፦ ስለ ኬዝ ስተዲ ትምህርታችሁ የቀረበ ቅሬታ

ይድረስ ለአስጠኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲሁም ልጄን ቢዝነስ ስተዲስ ላስጠናው መምህር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሁለት ጊዜ ደውዬ «እሺ እናቴ፣ ለሚመለከተው እናሳውቃለን» ተብዬ ስልኩ ተዘግቷል። በቴሌግራም የጻፍኩትም ታይቶ ዝም ተብሏል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ባንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። እኔም ሦስት ወር ታግሼያችኋለሁ።

ልጄ የካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ፣ ማለትም የእንግሊዙ ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና፣ ተፈታኝ ናት። ግንቦት ላይ ቢዝነስ ስተዲስ፣ የንግድ ሥራ ትምህርት፣ ትፈተናለች። ፈተናው ሁለት ወረቀት አለው፣ ፔፐር ዋንና ፔፐር ቱ፤ ፔፐር ቱ በኬዝ ስተዲ፣ ስለ አንድ ድርጅት በተጻፈ ታሪክ ላይ፣ የሚጠየቅበት ነው። መስከረም ላይ ላስመዘግባት ስመጣ ቢሮ ያለችው ልጅ «ፔፐር ቱ ላይ ልዩ ትምህርት አለን፣ ኬዝ ስተዲውን ለብቻው ነው የምንሰጠው፣ በክፍል ከስድስት ልጅ አይበልጥም» አለችኝ። ለ12 ሳምንት 18,000 ብር ከፈልኩ። ባልትና ነው ሥራዬ፣ በርበሬና ሽሮ ነው የምሸጠው። 18,000 ብር ስንት ኪሎ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ታሽጎ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ጥር ላይ ትምህርት ቤቷ ሞክ፣ ማለትም የመለማመጃ ፈተና፣ ሰጠ። ፔፐር ዋን ከ80 61 አመጣች። ፔፐር ቱ፣ ያ ልዩ ትምህርት የተሰጠበት፣ ከ80 29። ከሞኩ ሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ እናንተ ራሳችሁ በሰጣችሁት ሙከራ ከ80 70 አምጥታ ነበር። ያው ልጅ፣ ያው ፈተና ዓይነት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደነዘዘች እንዳልል ቤት ውስጥ አብሬያት ነው ያለሁት።

ደውዬ ስጠይቅ አስጠኚው የሰጠኝ መልስ «እንግሊዝኛዋ ላይ ትሥራ» የሚል ነው። ይሄ ነው ያናደደኝ። እንግሊዝኛዋ እንዴት እንደሆነ የትምህርት ቤቷ ካርድ ይመሰክራል። ለማንኛውም ያን ቀን ማታ ሱቅ ዘግቼ ገባሁና ታርሞ የመጣውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከልጄ ጋር መስመር በመስመር አየሁት። ቢዝነስ ስተዲስ ተምሬ አላውቅም። ግን ያልገባኝ ነገር አልነበረም።

ኬዙ ስለ አንድ ማርማላታ የሚሠራ ሰው ነው፣ ትምህርት ቤቱ ያዘጋጀው። ብቻውን የሚነግድ፣ ስምንት ሠራተኛ ያለው። ፍራፍሬውን ዋጋ በሚወርድበት በሁለት ወር ውስጥ ገዝቶ ይጨርሳል። ሱፐርማርኬቶቹ ማርማላታውን ወስደው የሚከፍሉት ከ60 ቀን በኋላ ነው። አሁን 40,000 ዶላር የሚያወጣ ማሽን ይፈልጋል። ከታሪኩ ሥር የካሽ ፍሎው፣ በየወሩ የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ፣ ሠንጠረዥ አለ፣ ሦስተኛው ወር መጨረሻ ላይ 6,000 ዶላር ከዜሮ በታች ይላል። ጥያቄው፦ ከባንክ ቢበደር፣ ሸሪክ ቢያስገባ ወይስ ማሽኑን ከመግዛት ቢከራየው ይሻለዋል? መርጠሽ ምክንያትሽን አስረጂ። 12 ማርክ።

ልጄ የጻፈችው ባጭሩ ይህ ነው። የባንክ ብድር ጥቅሙ ብዙ ገንዘብ ማስገኘቱ ነው፣ ጉዳቱ ወለድ አለው። ሽርክና ጥቅሙ አዲስ ሐሳብና ገንዘብ ማምጣቱ ነው፣ ጉዳቱ ትርፍ ይካፈላሉ። ኪራይ ጥቅሙ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፣ ጉዳቱ ንብረቱ የራስህ አይሆንም። ስለዚህ የባንክ ብድር ይሻላል ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ያስገኛል። አለቀ። ከ12 3።

አንድም ስህተት የለውም እኮ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ይህንኑ መልስ ስለ ፀጉር ቤት የሚጠይቅ ፈተና ላይ ብትለጥፉት ይለጠፋል፣ ስለ አየር መንገድ የሚጠይቅ ላይም ይለጠፋል። የትምህርት ቤቷ መምህር ዳር ላይ በቀይ የጻፈችው ሁለት ቃል ነው፦ «ሰውዬው የታለ?»

ልጄን «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ስላት ከቦርሳዋ የእናንተን ወረቀት አወጣችልኝ። 40 «ሞዴል አንሰር»። ቃል በቃል ያው ነው። የብድር ጥቅምና ጉዳት፣ የሽርክና ጥቅምና ጉዳት፣ የማስታወቂያ ጥቅምና ጉዳት፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ፣ ተሸምድዶ፣ ፈተና ላይ እንዲራገፍ። አንዱም ላይ «ኬዙን ተመልከቱ» የሚል የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

አሁን እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሠንጠረዡን እንዳየሁ ዓይኔ ሦስተኛው ወር ላይ ቀረ። እኔ ራሴ ነኝ እዚያ ያለሁት! በርበሬ የሚገዛው አዲሱ ሲገባ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፣ የማረቆውን ያን ጊዜ ካልያዝኩ በኋላ የምገዛው በሌላ ሰው ትርፍ ላይ ነው። ስለዚህ ያለኝ ገንዘብ ሁሉ ባንዴ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን እየተንጠባጠበ ነው፣ ምክንያቱም ሱቆቹ በዱቤ ወስደው በወር በሁለት ወር ነው የሚከፍሉኝ። መዝገቤ ላይ ትርፍ አለ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ግን ለወፍጮ የሚከፈል የለም። ታዲያ ይሄ ማርማላታ ሠሪ 40,000 ዶላር ተበድሮ በየወሩ ከነወለዱ ክፈል ቢባል፣ ገና ሳይበደር 6,000 የጎደለበት ሦስተኛው ወር ሲመጣ በምን ይከፍላል? ብቻውን የሚነግድ ስለሆነ ደግሞ ዕዳው በድርጅቱ አያቆምም፣ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። ሸሪክ ቢያስገባ ገንዘቡን አይመልስም፣ ያ ጥሩ ነው፣ ግን ኬዙ አራተኛው መስመር ላይ ከወንድሙ ጋር ጀምሮ በውሳኔ ባለመስማማት እንደተለያዩ ይናገራል። ልጄ ይህን መስመር አላነበበችውም አልልም። አንብባዋለች፣ ግን ለመልስ እንደሚያገለግል ማንም አልነገራትም።

ይህን ሁሉ ለራሴ እያወራሁ እያለ ልጄ ዝም ብላ አየችኝና «እማ፣ ይሄ እኮ ኤቫሉዌሽን ነው» አለችኝ። መመዘን ማለቷ ነው።

«ታዲያ ትክክለኛው መልስ የቱ ነው?» አለች ቀጥላ። ይህ ጥያቄ ራሱ ከእናንተ ዘንድ ምን እንደተማረች ያሳያል። የግድ አንድ ትክክል የለውም። ብድርም ብላ በደንብ ካስረዳች፣ ለምሳሌ ማሽኑ ገቢውን አሳድጎ ዕዳውን እንደሚሸፍን ከቁጥሮቹ ካሳየች፣ ማርኩን ታገኛለች። የሚታየው ሦስቱንም በዚያ ሰው ኑሮ ላይ መዝና፣ ለምን አንዱን መርጣ ሁለቱን እንደተወች ነው።

ስለ ፈተናው አሠራር የማውቀው ከልጄ ሲላበስ፣ ከትምህርቱ መርሐ ግብር፣ እና ከካምብሪጅ ድረ ገጽ ነው፣ እናንተ ከእኔ የተሻለ ማወቅ ነበረባችሁ። ፔፐር ቱ አራት ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ 8 ማርክ ሌላው 12። በድምሩ 80፣ የአጠቃላይ ውጤቱ ግማሽ። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል። የሚለካውም አራት ነገር ነው፦ ማወቅ፣ ያወቁትን ኬዙ ላይ ማዋል፣ መተንተን፣ መመዘን። የእናንተ 40 ወረቀት የመጀመሪያውን ይሸፍናል። ሦስቱ የት ሄዱ?

ትንተናውን እኔ በአንድ ማታ አስተማርኳት ብል እንዳታኮርፉ። ነጥብ በጻፈች ቁጥር «እና ምን ይጠበስ?» እላታለሁ። ፍራፍሬው ዋጋው ወረደ። እና ምን ይጠበስ? ወጪው ይቀንሳል። እና ምን ይጠበስ? የአንዱ ጣሳ ዋጋ ሳይጨምር ትርፉ ይሰፋል። እና? ሱፐርማርኬቱ ዋጋ ቀንስ ሲለው መደራደሪያ ይኖረዋል። እዚህ ስንደርስ መልሱ ከአንድ መስመር ወደ አራት መስመር አድጓል፣ ያውም ማርማላታውን ሳይለቅ። አሁን ቤታችን ውስጥ ታናሽ ወንድሟ እንኳን ጫማ ግዙልኝ ሲል «እና ምን ይጠበስ» የምትለው እሷ ሆናለች።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። በጣም የከፋኝ እርማታችሁ ነው። እናንተ 70 ያላችሁትን ወረቀት ለትምህርት ቤቷ መምህር አሳየኋት። በማርክ ስኪሙ፣ ማለትም በማረሚያ መመሪያው፣ ስታየው 30ም በጭንቅ ነው አለች። ከ12 11 የተሰጠው አንዱ መልስ ኬዙ ውስጥ ያለውን ድርጅት ስም አንዴም አይጠራም! ከጎኑ «ኤክሰለንት» የሚል ማኅተምና የሳቀ ፊት አለ። ማርክ ስኪም ምስጢር አይደለም፣ ካምብሪጅ ከአሮጌ ፈተናዎች ጋር ያወጣዋል። የፈታኞች ሪፖርትም አለ፣ ተማሪዎች ኬዙን ትተው የትም የሚሠራ መልስ ይጽፋሉ ብለው ደጋግመው የሚያማርሩበት። አንዱን እንኳን አንብባችሁ ቢሆን ያን 40 ወረቀት አታባዙም ነበር። ልጄ ዝቅተኛ ማርክ ብትሰጧት አልከፋም፣ ገና ከሞኩ በፊት እናውቀው ነበር። የማይገባትን ሰጥታችሁ አስተኛችሁን።

ሰዓትም አላለማመዳችኋትም። በ12 ሳምንት አንድም ቀን ሙሉ ፈተና በሰዓት አልሠሩም። ሞኩ ላይ የመጨረሻውን 12 ማርክ ባዶ ትታ ወጣች። ስሌቱ የሱቅ ስሌት ነው፦ 90 ደቂቃ አለሽ፣ 10ሩን ኬዙን ለማንበብና ለማስመር አውጪ፣ የቀረው 80 ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጥያቄ 20 ደቂቃ። 8 ማርኩን በስምንት ደቂቃ፣ 12ቱን በ12። ይህን ለመናገር ስንት ሳምንት ይፈጃል?

ስድስት ልጅ የተባለው ክፍል 19 እንደነበር ልጄ ቆጥራ ነግራኛለች። ይህን ብዙ አላወራበትም፣ ደረሰኙ ላይ «እስከ 6 ተማሪ» ብላችሁ ስለጻፋችሁ ራሱ ይናገራል።

እውነቱን ለመናገር ደሞ ሁሉም መጥፎ አልነበረም። ፔፐር ዋንን ከ48 ወደ 61 ያወጣችው እናንተ ጋ ነው፣ ትርጉሞቹንና የብሬክ ኢቨን፣ ትርፍም ኪሳራም የሌለበትን ሽያጭ የማግኘት፣ ስሌቱን በደንብ ይዛለች፣ አስጠኚውም አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ሰነፍ ሰው ነው አልልም። እኔ እንደሚመስለኝ እሱም እንደ እኔ በምርጫ ፈተና ያለፈ ነው፣ ኤ ቢ ሲ ዲ። የአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና አሁንም ምርጫ ነው፣ እዚያ የሸመደደ ያልፋል። ይሄ ግን ሌላ ፈተና ነው፣ ሌላ ፈተና መሆኑን አውቃችሁ ነው 18,000 ያስከፈላችሁት።

የራሴም ጥፋት አለ። 70ውን ሳይ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ሳልገልጥ ኬክ ገዛሁ።

አሁን የምፈልገውን ልንገራችሁ። የፔፐር ቱውን ድርሻ፣ ማለትም የከፈልኩትን ግማሽ 9,000 ብር፣ መልሱልኝ። ገንዘቡን መመለስ ካልሆነላችሁ ግንቦት ሳይደርስ ስድስት ሙሉ ኬዝ ስተዲ በሰዓት አሠሯትና በማርክ ስኪሙ እረሙላት፣ ከእያንዳንዱ ማርክ አጠገብም ለምን እንደተሰጠ ወይም እንደተነፈገ ይጻፍ። ፈገግ ያለ ፊት አልፈልግም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፣ ምርጫችሁንም ከነምክንያቱ ጻፉልኝ፣ እንደ 12 ማርክ ጥያቄ።

ሁለተኛ፣ ያንን 40 ወረቀት ለሌሎቹ 18 ልጆች ማባዛት አቁሙ። እናቶቻቸውን አላውቃቸውም፣ ግን አንዳንዶቹ አሁንም በ70 እየተኙ እንደሆነ እገምታለሁ። ሦስተኛ፣ በር ላይ የለጠፋችሁትን «መቶ በመቶ ኤ ስታር»፣ ሁሉም ከፍተኛውን ውጤት ያመጣል፣ የሚለውን አንሱት።

የታረመውን የሞክ ወረቀት፣ የእናንተን 70፣ 40ውን ወረቀትና ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። እስከ ዓርብ መልስ እጠብቃለሁ። ስትደውሉ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤት ስለምሆን ስልክ አይሰማኝም።

የአንዲት ተማሪያችሁ እናት