«ዲግሪ ያለው ሁሉ» ስትሉ እኛን የት ጥላችሁን ነው?

ውድ አዘጋጅ፣

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ፈተና ሳይወሰድ ስለተሰጠው ጊዜያዊ የማስተማር ፈቃድ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። አብዛኛው አንባቢ ያየው ስለሆነ አልደግመውም። የኔ ጠብ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ዘጋቢያችሁ ስለ ማሳቹሴትስ ሲጽፍ «ዲግሪ ያለው ሁሉ ያለምንም ፈተና በቀላሉ ፈቃድ ወሰደ፣ ዲስትሪክቶችም ክፍት ቦታቸውን ሞሉ» ብሎ ያልፋል (ዲስትሪክት ማለት የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ነው)። አለቀ። ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል።

ዲግሪ ያለው ሁሉ? እኛስ?

እኛ የምለው እዚሁ ግዛት ውስጥ በረዳት መምህርነት፣ በአስተርጓሚነት፣ በምሳ ሰዓት ተቆጣጣሪነት የምንሠራ፣ አገር ቤት ሳለን ግን ጠመኔ ይዘን ክፍል ፊት የቆምን ሰዎችን ነው። ኬሚስትሪ ያስተማረ አለ። ሂሳብ ያስተማረ አለ። ርእሰ መምህር የነበረም አለ። እዚህ መጥተን የሌላ መምህር ወረቀት ፎቶኮፒ እናደርጋለን። ስለ ፈቃድ ሲወራ የመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮች እኛ ነን። በአማርኛ የሚታተም ጋዜጣ ይህን ካልጻፈ ማን ይጽፈዋል?

መጀመሪያ ነገሩን በቅጡ እናስቀምጠው። በማርች 2020 (ቀኖቹን እዚህ እንደሚቆጠረው እጽፋለሁ) ትምህርት ቤት ሲዘጋ የፈተና ማዕከላትም አብረው ተዘጉ። ኤምቴል የምንለው የግዛቱ የመምህራን ፈተና ፒርሰን በሚባል ድርጅት በኩል ነው የሚሰጠው። ማዕከሉ ከተዘጋ ፈተና የለም፣ ፈተና ከሌለ ፈቃድ የለም። ኮርሱን ጨርሶ ፈተና ብቻ የቀረው ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። ግዛቱ በዚያው ዓመት በሕግ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ያወጣው ለዚህ ነው። ዋናው መስፈርት የመጀመሪያ ዲግሪ ነበር። ፈተናው ግን ለኋላ ተላለፈ እንጂ አልተሰረዘም። ፈቃዱ የማብቂያ ቀን ነበረው። ያ ቀን ሳይደርስ ፈተናውን አልፎ ወደ መደበኛው ዓይነት ፈቃድ ያልተሻገረ ሰው ክፍሉን ለቅቆ ይወጣ ነበር። ዘጋቢያችሁ ይህቺን አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር?

ደግሞም ሁሉም ግዛት አንድ ዓይነት አላደረገም። ኒው ዮርክ የአስቸኳይ ጊዜ ሰርተፍኬቷን የሰጠችው ከፈተናው በቀር ሌላውን ሁሉ ላሟሉ ሰዎች ነበር። በካሊፎርኒያ በሜይ 2020 መጨረሻ ገዢው በትእዛዝ አንዳንድ ፈተናዎችን ለጊዜው አነሱ፣ ያውም ለተወሰኑ እጩዎች። ፕራክሲስ የሚባለውን ሌላ የመምህራን ፈተና የሚቀበሉ ግዛቶች ዘንድ ደግሞ በዚያው ሜይ ፈተናውን ከቤት፣ በካሜራ እየታዩ መውሰድ ተጀመረ። እነዚህ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ላይ ጠቅልሎ «ፈተና ቀረ» ማለት ስንፍና ነው፤ ለዚህ የሚከፈለው ዘጋቢ ደግሞ ልዩነቱን ማወቅ ነበረበት።

አሁን ወደ «በቀላሉ» ልምጣ። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ዲግሪህን ያገኘኸው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ግዛቱ ዝም ብሎ አይቀበለውም። እዚህ አገር ካለው ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን በገምጋሚ ድርጅት ማስመስከር አለብህ። ክፍያው ከራስህ ኪስ ነው። ገምጋሚው በእጅህ ያለውን ኮፒ አይፈልግም። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ እንዲመጣለት ይጠይቃል። በደህናው ጊዜም ይህ ጉዳይ አበሳ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ኢትዮጵያም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ልከው ነበር።

እህቴ ስለኔ ብላ ማስክ አድርጋ እዚያው የተማርኩበት ግቢ በር ድረስ ሄደች። ጥበቃው ገና ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ «ሲከፈት ይምጡ» አላት። መቼ ነው የሚከፈተው? እሱ በምን ያውቃል! ቢሮው ከፊል ሲከፈት ተመልሳ ሄደች፣ ተሰለፈች፣ ከፈለች፣ አስጻፈች፣ ላከችልኝ። ገምጋሚው «የፖስታው መዝጊያ ላይ ማኅተም የለም» ብሎ መለሰው። ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ ውጤቴ አለ። የፖስታው መዝጊያ ላይ ግን የለም። እንደገና ከዜሮ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የግዛቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው ማመልከቻዬ «አልተሟላም» እንዳለ ቁጭ ብሏል። ከኔ ጋር አንድ ኮሪደር ላይ የምትሠራ፣ ዲግሪዋን እዚሁ ያገኘች ወጣት ግን ትራንስክሪፕቷ በኦንላይን ተልኮላት ፈቃዷን ቶሎ ያዘች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ አልቀናባትም። እሷ አንድ ቁልፍ ተጭና የጨረሰችውን እኔ አህጉር አቋርጬ ነው የለመንኩት። እና ይሄ «በቀላሉ» ነው?

ሌላም አለ። ስለ ፈቃድ የወጡት ማሻሻያዎች ለማን ነበር የሚላኩት? ለዲስትሪክቶች ነው። ለሱፐርኢንቴንደንቶች (ለዲስትሪክቱ የበላይ ኃላፊዎች)፣ ለሰው ኃይል ክፍሎች፣ ለርእሰ መምህራን። ኢሜይሉ እዚያ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ረዳት መምህራን የሚደርሰን የማስክ መመሪያና የመኪና ማቆሚያ ማስታወቂያ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ከቢሮ አይደለም፣ በሌላ ከተማ ከሚሠራ ያገሬ ልጅ በቴሌግራም ነው። ዲስትሪክታችን ሰው ኃይል ክፍል ደውዬ ብጠይቅ «ድረ ገጹ ላይ አለ» አሉኝ። የትኛው ገጽ ላይ? «ድረ ገጹ ላይ።» በዚያው ሰሞን ያው ዲስትሪክት መምህር አጣሁ እያለ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የሚፈልጉት መምህር ደሞዛቸውን እየበላ እነሱው ሕንፃ ውስጥ ተቀምጧል። ቀና ብሎ ያየን የለም።

ሌላ በር እንዳለም ልንገራችሁ። ዲስትሪክቱ ፈቃድ ያለው ሰው ፈልጎ ካጣ፣ ሱፐርኢንቴንደንቱ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ልዩ ፈቃድ ከግዛቱ መጠየቅ ይችላል። ይህ ከወረርሽኙ በፊትም የነበረ አሠራር ነው። የሚጠይቀው ግን ዲስትሪክቱ ነው፣ ሠራተኛው ራሱ አይችልም። አለቃህ ካላሰበህ የለህም።

እስኪ ያኔ ምን እንሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፣ ዘገባው ስለ ክፍት ቦታ ብቻ ስላወራ። ትምህርት በዙም ሆኖ የክፍሉ መምህርት አንድ ልጅ ገጿ ላይ ጠፋባት። ስሙ አለ፣ ምስሉ የለም፣ ድምፁ የለም። ቤት ደወልኩ። እናትየው ሥራ ናት፣ ያነሱት አያቱ ናቸው። «እማማ፣ ታብሌቱ አጠገብዎ አለ?» አልኳቸው። አለ። «ሰማያዊዋን ካሜራ የምትመስለውን ይንኳት።» ነኳት። «አሁን ከታች በግራ በኩል ማይክ የምትመስለው ላይ ቀይ መስመር አለ?» ትንሽ ዝም አሉና «አዎ ልጄ፣ ቀይ አለ» አሉኝ። እሷን ሲነኩ የልጁ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ገባ። መምህርቷ አጨበጨበች። ያን ቀን ያ ልጅ የተማረው እኔና እማማ ስለተግባባን ነው። ይህን የትኛው ፈተና ይለካዋል? ደሞዙ ግን የረዳት ነው፣ ስሙም የረዳት ነው። ዘገባችሁ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ፈቃዱ የትምህርት ጥራት ገደለ ለሚለው ሐሜትም ዘጋቢያችሁ በር ከፍቷል። አልተናገረም፣ ግን ጠቆም አድርጎ ሄደ። ጥናት አለ እኮ! የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ፈቃድ የገቡትን መምህራን አጥንተዋል። ከሌሎቹ አዲስ መምህራን ይልቅ በዘር ስብጥር ሰፋ ያሉ ሆነው ነው የተገኙት፣ የአለቆቻቸው ምዘናም ከሌሎቹ ጋር ተቀራራቢ ነበር። ሁሉም ጥናት እንደዚያ ነው አልልም። በሂሳብና በሳይንስ የተማሪዎቻቸው ውጤት ዝቅ ብሎ የተገኘበት ጥናትም አለ፣ በተለይ ከዚያ በፊት ወደ መምህርነት ምንም ያልተጠጉ ሰዎች ዘንድ። ይህም ቢሆን የኔን ነገር ነው የሚያጠናክረው። ክፍል ውስጥ ዓመታት የቆየ ረዳት መምህርና መምህርነትን አስቦት የማያውቅ ሰው አንድ ዓይነት ፈቃድ ስለያዙ ብቻ አንድ አይደሉም። ዲስትሪክቶች መጀመሪያ ዓይናቸውን ማሳረፍ የነበረባቸው ክፍሉን የሚያውቀው ላይ ነው።

ወላጆችንም በከንቱ አታስደንግጡ። ታይትል ዋን የሚባለውን የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ወላጅ፣ የልጁ መምህር በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስተምር የመጠየቅ መብት አለው። የፌዴራሉ ሕግ ላይ ተጽፏል። ዘገባችሁ ይህን ቢነግራቸው ኖሮ ቢያንስ የሚይዙት ነገር ያገኙ ነበር።

የመጨረሻው ንዴቴ ስለ ማብቂያ ቀኑ ነው። አዲስ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ መስጠት በኖቬምበር 2023 ቆመ። ከዚያ በፊት ግን የተሰጡት ፈቃዶች የሚያበቁበት ቀን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ዘጋቢያችሁ «መምህራኑ እፎይ አሉ» ብሎ ጻፈ። ማን እፎይ አለ? እዚህ ግዛት ዲስትሪክት አዲስ መምህሩን ለቀጣዩ ዓመት የማይቀጥለው ከሆነ እስከ ጁን 15 በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ፈቃድህ ይራዘም አይራዘም ሳይታወቅ ያ ቀን ከደረሰ፣ ሰው ኃይል ክፍሉ ሰግቶ የስንብት ደብዳቤውን ይጽፋል። እንዲህ ተሰናብተው የወጡ ባልደረቦች አሉኝ። ማራዘሚያው ሲመጣ ቦታቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። አንዷ ሁለት ልጆች ይዛ ኪራይ የምትከፍል ሴት ናት። አሁን የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ማታ ማታ ትሠራለች። ሥራ አይናቅም። ግን እሷ ባዮሎጂ መምህርት ናት፣ በጣም ጥሩ መምህርት፣ ከጎኗ ተቀምጬ አይቻታለሁ።

ፈተና ይቅር አላልኩም። መምህር መፈተን አለበት ብዬ አምናለሁ፣ እኔም ተፈትኜ አልፌ ነው መደበኛውን ፈቃድ የያዝኩት። የምለው ሌላ ነው። ደንቡ ሲላላ የተጠቀመው መረጃው ቶሎ የደረሰውና ወረቀቱ እዚሁ ቅርብ ያለው ሰው ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ጊዜው ተጋምሶ ነበር። ዘገባው ስለ ፈቃዱ ካወራ ይህንንም ማውራት ነበረበት። እናንተ ደግሞ ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግቢው ውስጥ ቆማችሁ «መምህር የነበረ ማነው?» ብትሉ ስንት እጅ እንደሚወጣ ታዩ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ይታረም። እርማቱም ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን ይውጣ፣ ማንም የማያየው ጥግ ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁ ስልክ አንስቶ ዲግሪያቸውን ከውጭ ያመጡ ረዳት መምህራንን ያነጋግር። የሚያወሩ ሰዎችን አገናኘዋለሁ፣ የባዮሎጂ መምህርቷም ፈቃደኛ ናት። ማታ ስለምትሠራ ከሰዓት በፊት አይደውልላት።

ስሜንና ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ። እዚያው ዲስትሪክት ስለምሠራ ጋዜጣው ላይ እንዳይወጣ አደራ።

አንዲት መምህርት፣ ማሳቹሴትስ