ኮርኒሱን እየው አልሽኝ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ከሰዓት በኋላ ፍራንኮ ሰፈር ነፋሱ አቧራውን ሲያስነሳ ዓይን አያስገልጥም። አዳማን ታውቂያት የለ።

ከሮም የላክሽውን ፎቶ ወንድምሽ በስልኩ አጉልቶ አሳየኝ። ፓላዞ ፋርኔዜ፣ የፈረንሳይ ኤምባሲ። «አባዬ፣ ኮርኒሱን እየው» ብለሻል። እኔ 30 ዓመት ኮርኒስ የመታሁ ሰው፣ የውስጥ ፎቶ ስፈልግ ቆየሁ። ለካስ እነሱ ኮርኒስ የሚሉት በውጭ፣ ከጣሪያው ሥር ወጣ ብሎ ግድግዳውን የሚዞረውን ድንጋይ ነው! እኛ ቃሉን ከጣሊያን ወስደን ወደ ቤት አስገባነው። አቡጀዲም ብንወጥር፣ ችፑድም ብንመታ ኮርኒስ ነው።

ከዚያ ወንድምሽን ታሪኩን ሁሉ አስነበብኩት። ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1517 ያስጀመሩት ካርዲናል አሌሳንድሮ ፋርኔዜ፣ ፕላኑን ያወጣው አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ። በ1534 ካርዲናሉ ጳውሎስ 3ኛ ተብለው የሮም ጳጳስ ሆኑ። ማዕረግ ሲያድግ ቤቱም ይደግ ተባለና ፕላኑ ተለወጠ። ይሄ እዚህም አለ፤ ባለቤቱ ብር ሲያገኝ ሶሌታው፣ የፎቁ ኮንክሪት ወለል፣ ከተሞላ በኋላ «አንድ ፎቅ ጨምርልኝ» ይላል።

ሳንጋሎ በ1546 ሞተ። ሥራው ለማይክል አንጄሎ ተሰጠ። ያሳየሽኝ ኮርኒስ የእሱ ነው። መጀመሪያ ከእንጨት ናሙና ተሠርቶ ማዕዘኑ ላይ ተሰቀለና ከታች ታየ። እዚህ ላይ ሰውየውን ወደድኩት። ለኮርኒሱ እንዲመጥን የላይኛውን ፎቅ ከሳንጋሎ ሐሳብ ከፍ አደረገው። ከዋናው በር በላይ ያለውንም መስኮት ቀየረው። እሱም ሳይጨርስ ሞተ። ቪኞላ ቀጠለ፣ ጃኮሞ ዴላ ፖርታ በ1589 ጨረሰው።

ፈረንሳዮች በ1911 ገዙት። በ1936 ጣሊያን መልሳ ገዝታ ለስሙ ያህል በሚከፈል ኪራይ ለ99 ዓመት አከራየቻቸው። ልብ በይ፣ ሞሶሎኒ ጦሩን አዲስ አበባ ያስገባበት ዓመት ነው። አያትሽ ይህን ቢሰሙ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም።

ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። የሠራሽውን ፕላን ለሌላ ሰው ሰጥተው አስለወጡት አልሽኝ። እኔም አንድ አዳራሽ ጀምሬ በሌላ ሰው አስጨርሰውብኛል። ለሁለት ዓመት በዚያ በር አላለፍኩም። አሁን ማኪያቶ ልጠጣ እገባለሁ፤ የኔ የሆነችው ጥግ ሥር ነው የምቀመጠው። የሱ ሥራም ክፉ አይደለም፣ ምስማሩን ግን አብዝቶታል።

የሳንጋሎ መስኮቶችም በፎቶሽ ላይ አሉ። አናታቸው አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ ቀጣዩ ቅስት እየሆነ ይሄዳል። ወንድምሽን ሁለቴ አስቆጠርኩት።

ግቢው ውስጥ ካስገቡሽ፣ የሳንጋሎ ሁለተኛ ደርብ ከማይክል አንጄሎ ሦስተኛ ደርብ የሚጋጠምበትን ቦታ ቀረብ ብለሽ አንሺልኝ። እንዴት እንዳገናኙት ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ
ከአዳማ