የጮቄን መንገድ ማን ከፈተው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ጮቄ ተራራ የእግር ጉዞ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ጅብራው፣ ጓሳው፣ ጉሙ ሁሉም አለ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ከአዲስ አበባ የመጣው ቡድን በተራራው ላይ አዲስ የእግር መንገድ ከፈተ ይላል።

የቱን መንገድ? በፎቶው ላይ ያለውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከቢቡኝ ወረዳ በኩል ጮቄን ተሻግሮ ወደ እኛ ወደ ስናን የሚወርደው ነው። እናቶቻችን ገብስና ድንች ተሸክመው ወደ ረቡዕ ገበያ ከተማ የሚወርዱበት፣ ሙሽራ በፈረስ የሚያልፍበት፣ በሽተኛ በቃሬዛ የሚወጣበት መንገድ ነው። አንድ አውቶብስ ሰው ቅዳሜ ዕለት ስለሄደበት ተከፈተ ይባላል?

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ገበሬው ግን ጫፉ አጠገብ ድረስ ያርሳል። ጨሞጋም ሙጋም ሱሃም ከዚያው ተነስተው ነው ዓባይ የሚገቡት። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ የመረጠው ጮቄ ላይ ያለ መንደር ነው። መንደር ካለ ሰው አለ። ሰው ካለ መንገድ አለ። ይህን ለማወቅ ስንት ስልክ መደወል ይጠይቅ ነበር?

በዚያ ጉዞ እኔም ነበርኩ። ከፊት የምመራው እኔ ነበርኩ፤ ከኋላ የሚሰበስበው ደግሞ የቢቡኝ ልጅ። ጉም ከወረደ አጠገብህ ያለው ሰው አይታይህም። ጓሳው ሥር ረግረግ አለ፤ ከላይ ሲያዩት ደረቅ መሬት ነው የሚመስለው። ከከተማ መጥቶ በማግስቱ እዚያ ከፍታ ላይ የሚወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ሲብስበት ዋናው መፍትሔ ቶሎ መውረድ ነው። በየትኛው ቁልቁለት ቢወርዱ መኪና መንገድ ቶሎ እንደሚገኝ የሚያውቀው እዚያ ያደገ ሰው ነው።

አንዲት እህት ታመመችብን። በጎረቤቴ ፈረስ አውርጃት እስክትሻላት አብሬያት ቆየሁ። ዘገባችሁ ግን «አስተባባሪዎቹ ባደረጉት ፈጣን እርዳታ» ብሎ አለፈው። ፈረሱ የማን ነበር? ልጓሙን የያዘውስ? ዘጋቢያችሁ እኮ እዚያው ቆሞ ያይ ነበር!

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። ማታ ሒሳብ ላይ አስተባባሪዎቹ የተስማማንበትን ገንዘብ ቀነሱብን። ለምን ስንል፣ መንገዱ ስልካችን ላይ ተመዝግቧል፣ ከእንግዲህ ራሳችን እንሄዳለን አሉን። እናንተ ደግሞ መንገዱን የከፈቱት እነሱ ናቸው ብላችሁ ጻፋችሁላቸው። ነገ ይህን ዘገባ እያሳዩ እንግዳ ይሰበስቡበታል። እኛ ጋ ሲመጡ ምን ብለን ነው ዋጋ የምንጠይቀው? በገዛ አገራችን፣ በገዛ መንገዳችን!

ጎብኚ አይምጣ አላልኩም። ይምጣ። የአስጎብኚነት ገቢ ሲኖር ወጣቱ የአስታ ዛፍ ቆርጦ ከሰል ከመሸጥ ይድናል፤ እኔ ራሴ የማየው ነው።

ስለዚህ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ ማስተካከያ አውጡ። መንገዱ ከቢቡኝ ረቡዕ ገበያ የሚወስድ የሕዝብ መንገድ መሆኑ ይጻፍ። ጉዞውን የመሩት የስናንና የቢቡኝ አስጎብኚዎች መሆናቸውም ይጻፍ። ዘጋቢያችሁም ሌላ ጊዜ ሲመጣ ከቡድኑ መሪዎች ሌላ መንገድ ላይ ያገኘውን ገበሬ ያነጋግር።

የአካባቢ አስጎብኚ
ከስናን ወረዳ፣ ምሥራቅ ጎጃም