ስለዚያ ጉልበትህ

ይድረስ ለልጄ ለናቲ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅህ አውቃለሁ። በስልክ ግን እኔ እቆጣለሁ፣ አንተ ትዘጋለህ።

በበረዶ ሆኪ ጨዋታ ላይ ያንን ልጅ በጉልበትህ መትተኸው ስቆጣህ፣ እሁድ ማታ «አባዬ፣ ኡልፍ ሳሙኤልሰንም እንዲህ ነበር የሚጫወተው፤ ሁለት ዋንጫ በልቷል» ያልከኝ ሰውዬውን የማላውቀው መስሎህ ይሆናል። እዚህ ስዊድን፣ ቬስቴሮስ ውስጥ ሃያ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ሻይ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። እሱ የተወለደባት ፋገሽታ፣ ያቺ የብረት ፋብሪካ ከተማ፣ ደግሞ ቅርባችን ናት።

ከምታውቀው ልጀምር። በ1964 ተወለደ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)፤ ለስዊድኑ ክለብ ለሌክሳንድ ተጫወተ፤ በ1982 የአሜሪካው ቡድን ሃርትፎርድ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በ67ኛ ተራ መረጠው። መጋቢት 1991 ወደ ፒትስበርግ ተዛወረና በዚያው ዓመትና በ1992 የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ትልቁን ዋንጫ፣ የስታንሊን ዋንጫ አነሳ። እንዲያውም አንተ ያላልከውን ልጨምርልህ፦ በ1991 ሚኔሶታን 8 ለ 0 ባሸነፉበት የመጨረሻ ጨዋታ የመጀመሪያዋን፣ ማለትም ዋንጫዋን የወሰነችውን ጎል ያገባው እሱ ነው። በ1,080 ጨዋታ 57 ጎል ብቻ ያለው ተከላካይ! ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች በሚቀመጥበት የቅጣት ሳጥን የተቀመጠው ግን 2,453 ደቂቃ ነው። አስላው፤ አርባ ሰዓት ያልፋል። እኔ አርባ ሰዓት ስነዳ የሳምንት ደመወዝ ይከፈለኛል።

አሁን ወደ ጉልበቱ። በዚያው በ1991 ከቦስተን ጋር ሲጋጠሙ ካም ኒሊ የሚባለውን የቦስተን አጥቂ በጉልበቱ ጭኑ ላይ መታው። የተመታው ጡንቻ ውስጥ አጥንት በቀለበት። ኒሊ በቀጣዩ ዓመት 9፣ በሚቀጥለው 13 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ከዚያ ተመልሶ በ44 ጨዋታ 50 ጎል አገባ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ፤ ጤነኛ ቢሆን ስንት ያገባ ነበር? በ31 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። የሳሙኤልሰን ዋንጫዎች ሲቆጠሩ ይህም አብሮ ይቆጠራል። ቦስተን ውስጥ ዛሬም ስሙን በደግ የሚያነሳው የለም።

ክፉ ሰው ነው እያልኩህ አይደለም። እኔም በጨርቅ ኳስ ዘመኔ ተመላላሽ ነበርኩና የሰው ቁርጭምጭሚት አላተረፍኩም።

ደግሞ አንድ ነገሩ ሆዴን ይበላዋል። በ1998 ናጋኖ ኦሎምፒክ ላይ ለስዊድን ተሰልፎ ተጫውቶ ሳለ አንድ ስዊድናዊ ጋዜጠኛ የአሜሪካ ዜግነት መውሰዱን ደረሰበት። በጊዜው የስዊድን ሕግ፣ ጠይቆ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የስዊድኑን ያጣል ይል ነበር። ከውድድሩ ተሰናበተ። ነጥቡ ለቡድኑ ጸናለት፤ በሩብ ፍጻሜው ግን በፊንላንድ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ስዊድን ሕጉን የቀየረችው በ2001 ነው። የእኛ አገር ሕግ አልተቀየረም። እኔ የስዊድን ፓስፖርት የያዝኩ ቀን ኢትዮጵያዊነቴ በወረቀት አበቃ፤ ቦሌ ስደርስ የምሰለፈው ከፈረንጆቹ ጋር ነው። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አውጣ ይሉኛል፤ እንደ ኳስ ተጫዋች! ስለዚህ ሰውዬው ናጋኖ ላይ ማሊያውን ሲያወልቅ ምን እንደተሰማው ሳይነግሩኝ ይገባኛል።

አንተ የማትጠቅስልኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በ2000 መጫወት አቆመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ ከታች ሊግ ጀመረ። ፊኒክስ ሄደ። በ2011 አገሩ ተመልሶ ሙዶ የሚባለው ክለብ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ከ2013 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሬንጀርስ የተከላካዮቹ ኃላፊ ነበር፤ በ2014 ለፍጻሜ ደርሰው በሎስ አንጀለስ ተሸነፉ። ቺካጎ ላይ ደግሞ ኅዳር 2018 ዋናው አሠልጣኝ ሲባረር አብሮ ተባረረ። ኮከብ የነበረ ሰው ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ተራ ይጠብቃል፤ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ ይላል። ጎሉ ሲገባ ካሜራው የሚያሳየው ሌላ ሰው ነው።

እኔ ይህን ሥራ ሳስብ የሚታየኝ ያ 2,453 ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ ተቀጥቶ ሲወጣ ጓደኞቹ በአራት ሰው እየተጋፉ ሁለት ደቂቃ ይከላከላሉ፤ አሠልጣኝ የሆነ ሰው ያንን ሁለት ደቂቃ ቆሞ ያየዋል። ተጫዋች ሳለህ አታየውም፤ ሳጥን ውስጥ ነሃ።

አሁን ሦስት ጨዋታ ታግደሃል። የታናናሾቹ አሠልጣኝ «ከሕፃናቱ ጋር ይርዳኝ» ብሎ ጠይቆሃል፤ አንተ ደግሞ «ይሄ ውርደት ነው» ብለሃል፤ እናትህ ነግራኛለች። ናቲ፣ ማክሰኞ ሄደህ ፐኮቹን፣ እነዚያን የሆኪ ጠፍጣፋ «ኳሶች»፣ ሰብስብላቸው። ከፈለግክ ተኮሳተር።

ሌላው፣ የመታኸው ልጅ ጉልበቱ በፋሻ ታስሯል፤ ስብራት የለውም። የአባቱን ስልክ ቁጥር እናትህ ጋ ታገኘዋለህ። ቅዳሜ ፈረቃ የለኝም፤ በአራት ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ፣ አብረን እንጠይቀው። መንገድ ላይ ስለ ሳሙኤልሰን አላወራም፤ ቃሌ ነው።

እናትህ ድርቆሽ ልካልሃለች፤ ያለፈውን ሣህን መልስ ብላለች።

አባትህ