የሚርዛ ታሪክ ቀሪው ግማሽ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ስንነጋገር ቃላቱ እንደ ልብ አልወጣ እያሉ እንደሚያስቸግሩዎት ስለማውቅ፣ እኔም አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አውርቼ ስለምዘጋ፣ የዛሬውን በጽሑፍ ማድረጉን መርጫለሁ፤ እኅቴ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ወስደው ሲነሡ ቀስ ብላ ታንብብልዎት። ደብዳቤው ከሙኒክ የተጻፈ አይደለም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዤ የመጣሁት እርስዎ ስድስት ዓመት ወደ ተማሩባት ከተማ፣ ወደ ቦስኒያዋ ሳራዬቮ ነው።

ለመምጣቴ ምክንያት የሆነኝ ዲፕሎማዎን ካስቀመጡበት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ባለፈው ክረምት የሕክምና ወረቀቶችዎን ስፈልግ አራት ቦታ የታጠፈ፣ መታጠፊያው ላይ የተበሳ፣ ዳሩ እንደ ሻይ የጠቆረ ወረቀት እጄ ገባ። ሥዕሉ ላይ አንድ ቀጭን ረጅም ወጣት፣ ጸጉሩ ጆሮውን የሸፈነ፣ ኳሷ ከጣቶቹ ጫፍ ልትለቅ ስትል ይታያል፤ ከሥሩ በእርስዎ እጅ ጽሕፈት «ሚርዛ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ግቢያችን ውስጥ ከግንቡ ላይ የበርሜል ቀለበት አስቸንክረው «ኳስ በክንድ አይወረወርም፤ ከጉልበት ተነሥቶ በአንጓ ያልቃል፤ ሚርዛ እንዲህ ነበር» እያሉ ያስተማሩኝ ትዝ አለኝ። በዚያ ዕድሜዬ ሚርዛ ማለት ዘመዳችን ይመስለኝ ነበር።

እርስዎ ወደ አገር ቤት የተመለሱት በ1980 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለሆነ፣ የሚነግሩኝ ታሪክ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቆም ነበር። በኋላ የሳራዬቮ ጦርነት ሲነሣ፣ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ሬዲዮ ጆሮዎ ሥር አድርገው ያዳምጡና አጥፍተው ዝም ይሉ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚርዛን ስም ከአፍዎ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አልጠየቅሁም። አሁን ቀሪውን ግማሽ አጠያይቄ ይዤልዎ መጥቻለሁ። አስቀድሜ ግን ከእርስዎ የሰማሁትን ልድገመውና፣ ያበላሸሁት ካለ ያርሙኝ።

ሚርዛ ዴሊባሺች በጥር 1954 እ.ኤ.አ. ቱዝላ ተወለደ፤ በልጅነቱ ከቅርጫት ኳስ በፊት ቴኒስ ይጫወት ነበር። በ1972፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ወደ ሳራዬቮው ቦስና ክለብ መጣ። በጊዜው ቦስና ገና ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ያደገ ክለብ ነበር፤ ትልልቆቹ የቤልግሬድና የዛግሬብ ክለቦች እያሉ አንድ ባለ ተሰጥኦ ልጅ እዚህ መምጣቱ የሚጠበቅ አልነበረም። ያመጣው አሰልጣኙ ቦግዳን ታንዬቪች ሲሆን፣ እሱም ራሱ በዚያን ጊዜ 25 ዓመት ያልበለጠው ጎረምሳ ነው። እርስዎ «ልጆች የሚመሩት የልጆች ቡድን» የሚሉት ይህንኑ መሆኑ ነው።

ሁለቱ ወጣቶች በሰባት ዓመት ውስጥ ክለቡን የት እንዳደረሱት ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1978 የዩጎዝላቪያ ሻምፒዮን ሆኑ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ክለቦች የኮራች ዋንጫ ፍጻሜ ባንያ ሉካ ላይ ከቤልግሬዱ ፓርቲዛን ጋር ገጥመው በተጨማሪ ሰዓት 117 ለ 110 ተሸነፉ፤ የፓርቲዛኑ ድራጋን ኪቻኖቪችና የቦስናው ሚርዛ የዚያን ዕለት ሲተላለቁ አምሽተው፣ ወዲያው በብሔራዊ ቡድን አንድ ማሊያ ለብሰው ማኒላ ላይ ሶቪየት ኅብረትን 82 ለ 81 አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚያ በሚያዝያ 1979 ፈረንሳይ ውስጥ ግሬኖብል ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ መጣ።

እዚህ ላይ አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ላርም። ግሬኖብል ላይ 45 ነጥብ ያስቆጠረው ሚርዛ አልነበረም። የቡድን ጓደኛው ዣርኮ ቫራዪች ነው። ሚርዛ 30 ነው ያስቆጠረው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ለሰፈሩ ሁሉ 45ቱን ለሚርዛ ሰጥተው ሲያወሩ ማንም ያረመዎት አልነበረም፤ እኔም ብሆን እዚህ ስኬንደሪያ የስፖርት አዳራሽ አጠገብ ካለች ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ያንኑ ስደግም፣ አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው አስቆሙኝ። በዚያ ዘመን የሦስት ነጥብ መስመር የሚባል ነገር በአውሮፓ ሜዳ ላይ አልተሠመረም ነበርና፣ 45ቱም ነጥብ በሁለት ሁለትና በቅጣት ውርወራ ብቻ የተለቀመ መሆኑን አስቡት አሉኝ፤ ይህንን ሲሉ የስኳሯን አንኳር ቡናው ውስጥ ነክረው ጫፏን እየነከሱ ነበር። የተሸነፈው ኤመርሰን ቫሬዜ ደግሞ ለዐሥር ተከታታይ ዓመት ፍጻሜ የደረሰ የጣልያን ክለብ ነው። ውጤቱ 96 ለ 93። ከዚያ በፊት የዩጎዝላቪያ ክለብ ያንን የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም። እርስዎ በተማሪዎች ማደሪያ ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ሲያዩት፣ ሽማግሌው ቤታቸው ሆነው አይተው በካልሲ ወደ ጎዳና ወጥተዋል። ምናልባት ተገፋፍታችሁ ይሆናል።

ከእርስዎ የሰማሁት የመጨረሻው ምዕራፍ የ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ ነው። በዚህ ነገር ላይ ሁልጊዜ ፊትዎ ይበራ ነበር፤ ምክንያቱም ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር በዐሥር ሺውና በአምስት ሺው ሜትር ወርቅ ባገኘባቸው ቀኖች መካከል ነበር ዩጎዝላቪያ ጣልያንን 86 ለ 77 አሸንፋ የቅርጫት ኳሱን ወርቅ የወሰደችው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለት አገር አጨበጨብሁ ይሉ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ሞንትሪያል ላይ አፍሪካውያን አድመው እኛ ስንቀር፣ ሚርዛና ጓደኞቹ አሜሪካን ገጥመው ብር ይዘው ተመልሰዋል፤ ሞስኮ ላይ ግን የጎደለው ለሁላችንም ሞላ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እርስዎ አያውቁትም፤ ወይም አውቀው አልነገሩኝም።

ሚርዛ በ1981 ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ሁለት ዓመት ተጫወተ፤ የስፔንን ሊግ ዋንጫም አነሣ። በ1983 ታንዬቪች ወደሚያሠለጥነው የጣልያኑ ካዜርታ ክለብ ተዛወረ፤ አሰልጣኙና ልጁ እንደገና ሊገናኙ ማለት ነው። ነገር ግን ውድድሩ ሳይጀመር አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ዕድሜው 29 ነበር። ከሞት ተረፈ፤ ወደ ሜዳ ግን አልተመለሰም።

አባባ፣ ይህንን አንብቤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ቀረሁ። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ የእርስዎን የራስ ምርመራ ሥዕል ብርሃን ላይ አንሥቶ ነጩን ቦታ በእስክሪብቶ ሲያሳየን፣ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ወጣት ያንኑ የሚመስል ነገር በ29 ዓመቱ እንዳለፈበት አላውቅም ነበር። ሁለታችሁን ለማወዳደር አይደለም የምጽፈው። እርስዎ 73 ዓመትዎ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ከሜዳ የሚጠበቅበት ብዙ ነበር። ግን እጅ ላይ የሚደርሰው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ አንጓው ከጉልበት የተነሣውን አልጨርስ ይላል።

ወደ ሳራዬቮ ተመለሰ። በሚያዝያ 1992 ከተማዋ ስትከበብ መውጣት ይችል የነበረው ያ የማድሪድና የካዜርታ ሰው አልወጣም። ከበባው 1,425 ቀን ቆየ። እርስዎ ሬዲዮዎን አጥፍተው ዝም ሲሉ እሱ እዚያው ውስጥ ነበር። ከዚያ በ1993፣ የአዲሲቱ አገር የቦስኒያ ብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአውሮፓ ሻምፒዮና ሊወዳደር ሲነሣ፣ አሰልጣኙ ሚርዛ ሆነ። ችግሩ መጫወቱ ሳይሆን ከከተማው መውጣቱ ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያው ሥር በኋላ የተቆፈረው ዋሻ ገና አልተከፈተም፤ ስለዚህ ከከበባው የሚወጣ ሰው ሌሊት በመንደርደሪያው ላይ መሮጥ ነበረበት። በአንድ በኩል አልሞ ተኳሾች አሉ፤ በሌላው በኩል የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ያገኙትን ሁሉ በመብራት ይዘው ወደ ከተማው ይመልሳሉ። ሁለት ሜትር የሚደርሱ ሰዎች በዚያ ገላጣ አስፋልት ላይ ጎንበስ ብለው ሲሮጡ ይታየኛል፤ ቁመት የሚጠቅመው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ወጥተው ፖላንድ ላይ ማጣሪያውን አለፉ፤ ጀርመን ላይ ስምንተኛ ወጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህችን ይወዷታል ብዬ አስባለሁ። በዚያ የ1993 ሻምፒዮና ዋንጫውን ያነሣችው ጀርመን ናት፤ ፍጻሜውም የተደረገው እኔ አሁን በምኖርባት በሙኒክ ነው። የጀርመን አሰልጣኝ ማን እንደነበር ያውቃሉ? ስቬቲስላቭ ፔሺች። ግሬኖብል ላይ ከሚርዛ ጎን የተጫወተው፣ የኖቪ ሳዱ ልጅ፣ እርስዎ «ያ ጠጉራሙ» የሚሉት ፔሺች። ከአንድ ክለብ የወጡ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ሻምፒዮና ላይ አንዱ ወርቅ ይዞ፣ አንዱ ወደ ተከበበች ከተማ የሚወስደውን መንገድ እያሰበ። እኔ በሙኒክ ለዘጠኝ ዓመት ስመላለስ ይህንን አለማወቄ አናደደኝ።

ሚርዛ በታኅሣሥ 2001 እዚሁ ሳራዬቮ ውስጥ አረፈ። 47 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ በፊት በአገሩ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ ስፖርተኛ ተብሎ ነበር፤ በ2007 ደግሞ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የክብር መዝገብ ላይ ስሙ ሰፈረ። የስኬንደሪያ አዳራሽም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ትናንት ሄጄ ነበር። ዘበኛው በጋዜጣ ቁራጭዎ ላይ ያለውን ሥዕል ሳሳየው ምንም አልጠየቀኝም፤ በሩን ከፍቶ መብራቱን አበራልኝና ራቅ ብሎ ቆመ። ወለሉ ተወልውሎ ያበራል፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ አንድ ኳስ ማንም ሳያነሣት ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። አንሥቼ እንዳስተማሩኝ ወረወርሁ። አልገባም። ሁለተኛውም አልገባም። ሦስተኛው ብረቱን ነክቶ ገባ፤ ዘበኛው አጨበጨበ።

የአዳራሹን ፎቶ ለእኅቴ በስልኳ ልኬላታለሁ፤ አጉልታ ታሳይዎት። የሚቻልዎ ከሆነ ጣትዎን አስነክተው ይንገሯት፤ እርስዎና ከስድስት ኪሎ አብረውዎት የመጡት ጓደኞችዎ የምትቆሙት የትኛው ጥግ ላይ ነበር? በወንዙ በኩል ነው ወይስ ከመግቢያው በላይ? እስከ እሑድ እዚህ ስለምቆይ፣ ነግ ወይም ከነገ ወዲያ ተመልሼ እዚያው ቦታ ላይ እቀመጣለሁ። የጋዜጣው ቁራጭ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ለፋሲካ ስመጣ ወደ ሳጥኑ እመልሰዋለሁ።

እናቴን፣ እኅቴንና ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

እርስዎን የምታከብርና የምትወድ ልጅዎ፣
ከሳራዬቮ