«ከአንድ ገንቦ» የጠጣው ማነው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

እዚሁ ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ በኔቫዳና በአሪዞና ወሰን ላይ ስላለው ሁቨር ግድብና ውሃው ስለሚጠራቀምበት ሚድ ሐይቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቤቴ ቡና እየጠጣሁ፣ ሁለተኛ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ይዤ፣ ንዴቴ በርዶልኝ እንደሆነ ልይ ብዬ። አልበረደልኝም።

ስለ 221 ሜትር ቁመቱና ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1935 ስለመረቁት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የጻፋችሁት ደህና ነው። ጠቤ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው፦ «ሠራተኞቹ ነጭ ጥቁር ሳይባባሉ፣ ከአንድ ገንቦ እየጠጡ በረሃውን ድል ነሡት።»

ከአንድ ገንቦ! ጸሐፊው ነገሩን ላሳምረው ብሎ እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን ከስንት የአማርኛ ቃል መካከል ያችኑ መርጦ ማንሳቱ ተአምር ነው፤ እዚያ ግድብ ላይ ጥቁሮቹ የሚጠጡበት የውሃ ባልዲ ለብቻው ነበርና። ስለ ውሃ ግድብ ጽፎ የውሃውን ባልዲ መሳት እንዴት ያለ ዕድል ነው?

ሥራው በ1931 ሲጀመር እንጀራ ፍለጋ ላስ ቬጋስ ከጎረፈው ሰው ውስጥ ጥቁሮችም ነበሩበት። ኮንትራቱን የያዘው ሲክስ ካምፓኒስ ግን በመጀመሪያው ዓመት በሩን ዘጋባቸው። ቻይናውያንማ እንዳይቀጠሩ በውሉ ላይ በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። የከተማዋ ጥቁሮች ማኅበር አቋቁመው ከጮኹ፣ ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ድርጅት ኤንኤኤሲፒም ከገባበት በኋላ፣ በ1932 ጥቂቶች ተቀጠሩ። የተመደቡት በአብዛኛው በአሪዞና በኩል ባለው የጠጠር ማውጫ ነው፤ ሙቀቱን ለማወቅ በሐምሌ እዚያ አካባቢ ከመኪና መውረድ ይበቃል። መንግሥት ለሠራተኛው በቆረቆራት በቦልደር ሲቲ ማደር ስላልተፈቀደላቸው ከላስ ቬጋስ እየተመላለሱ ይሠሩ ነበር። በ1934 በአንድ ጊዜ ከ5 ሺህ በላይ ሰው ሲሠራ፣ ጥቁሮቹ ጥቂት ደርዘን ቢሆኑ ነው። «ነጭ ጥቁር ሳይባባሉ» ያላችሁት ይህንን ከሆነ፣ ሲባባሉ ቢሆንማ ምን ሊኮን ነበር?

ገንዘቡ ደግሞ የማንም የግል ኪስ አልነበረም። የፌዴራል መንግሥት ነው ያወጣው፤ በ1933 ላይም የሩዝቬልት መንግሥት ሥራ ላጣ ሕዝብ ሥራ ለመፍጠር ካቋቋመው የሕዝብ ሥራዎች አስተዳደር 38 ሚሊዮን ዶላር ተጨምሮበታል። በሕዝብ ገንዘብ፣ ለሕዝብ ሥራ፤ ሕዝብ የተባለው ማን እንደነበር ግን ባልዲው ይናገራል።

ባለቤቴ «አንተን ምን አንገበገበህ፣ ያኔ እኛ የት ነበርን?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ አልነበርንም። እኔ ግን ጎብኚ ወደዚያ ማመላለስ ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እንደናንተው ነበር የማወራው። አንድ ቀን ዕድሜያቸው የገፋ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ከኋላ ተቀምጠው፣ እኔ «ሁሉም ባንድ ላይ ሆኖ ነው የሠራው» እያልኩ ስለፈልፍ ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ስለ ባልዲው ነግረውሃል?» አሉኝ። አልነገሩኝም ነበር። እስክንደርስ እሳቸው አወሩ፣ እኔ ሰማሁ። ሲወርዱ ቲፕም አልቀነሱብኝም፤ ያ ይበልጥ አሳፈረኝ።

(በነገራችን ላይ፣ «ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩ ሠራተኞች አሉ» የሚለውን ተረትም ደግማችሁታል። ኮንክሪቱ የተሞላው በየብሎኩ፣ በአንድ ጊዜ ከ5 ጫማ ሳይበልጥ፣ በባልዲ በባልዲ ነው፤ ሰው ውጦ የሚያስቀር አይደለም። የሞቱት በመዝገብ 96 ናቸው፤ ተረት አያስፈልጋቸውም።)

ላስ ቬጋስ ከምትጠጣው ውሃ 90 በመቶ ገደማው ከዚያ ሐይቅ ነው። የእኔ ቡና የተፈላው በእሱ ነው፤ እዚህ ያለ አንባቢያችሁ ሁሉ እንጀራ የሚያቦካው በእሱ ነው። በ2022 ሐይቁ ሞልቶ ካበቃ ወዲህ ወርዶ የማያውቀውን ያህል ሲወርድ፣ ዐለቱ ላይ የቀረውን ነጭ ምልክት አይተን የተጨነቅነው እኛም ነን። ታዲያ በአማርኛ ሲጻፍልን፣ ጥቁሩ ሠራተኛ አንዲት አንቀጽ ይነፈገዋል? ጥቁር ሹፌር አንባቢያችሁ መሆኔ ተረሳ?

ይህንን ስሕተት በመልእክት ሁለት ጊዜ አሳውቄያችኋለሁ። መልስ የለም። የእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ እንዳወጣ የጠየቃችሁኝ ግን በዚያው በሁለተኛው መልእክቴ ማግስት ነው፤ ስልኬ ይሠራል ማለት ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር አርሟት፣ እርማቱንም ጽሑፉ በወጣበት ቦታ አውጡት። ቦታው ክፍያ ካለው፣ የማስታወቂያውን ገንዘብ ለእሱ አድርጉት።

አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ከላስ ቬጋስ